ልጆች ተክል እንዴት እንደሚያድግ በዓይናቸው እያዩ እንዲማሩ

ትንንሽ ልጆችን «ተክል ምን ይበላል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አብዛኞቹ «አፈር» ይሏችኋል። «ውሃ» የሚሉም አይጠፉም። «ዘር ሕይወት አለው ወይ?» ስትሏቸው ደግሞ ብዙዎቹ «የለውም» ይላሉ። አይፈረድባቸውም። ዘር አይንቀሳቀስም፣ ድምፅ የለውም፣ ወራት ሙሉ ጣሳ ውስጥ ተቀምጦም ያው ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ልጆችን ሲያጠና ያስተዋለውም ይህንኑ ነው። ለትንሽ ልጅ ሕይወት ማለት መንቀሳቀስ ነው።

ይህን በቃል ብቻ ማቃናት አይቻልም። «ዘር ሕይወት አለው» ብትሉት ልጁ ይደግመዋል እንጂ ከልቡ አይቀበለውም። ዘሩ ሲያብጥ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሥር ሲያወጣ ካየ ግን ነገሩ ያበቃለታል። ከዚያ በኋላ ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም።

ከታች ያለው አሠራር ለወላጅም ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርም ይሆናል። ከ3 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተጻፈ ነው። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መልሱን ቶሎ አትንገሩ። እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። የገመተውን ጻፉለት፣ ወይም ራሱ ይሳለው። የገመተ ልጅ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ብርጭቆው ነው። ያልገመተው ግን ተጠርቶ ነው የሚመጣው፤ አይቶም ወዲያው ይሄዳል። በዚህ ሥራ ላይ ከዘሩም ከአፈሩም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህች ጥያቄ ናት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ብዙ አይደሉም። አራት አምስት ውስጣቸውን የሚያሳዩ የፕላስቲክ ብርጭቆዎች፣ ሶፍት ወይም ጥጥ፣ ማርከር፣ ባለቀለም ወረቀት፣ መቀስ፣ አንድ የጫማ ካርቶን፣ ሥሩ የተበሳ ጣሳ ወይም የአበባ ማሰሮ፣ ትንሽ አፈር። የመስታወት ብርጭቆ ባይሆን ይመረጣል፤ ልጆች ስለሚያነሱትና ስለሚያገላብጡት ይሰበራል።

ዘር ላይ ግን ተጠንቅቃችሁ ምረጡ። ለዚህ ሥራ የሚበልጠው ቦሎቄ ነው። ትልቅ ስለሆነ በትንሽ ጣት ይያዛል፣ ቶሎ ይበቅላል፣ ውስጡም በግልጽ ይታያል። ከጎኑ ለማወዳደሪያ ጥቂት ባቄላና በቆሎ ይኑራችሁ። መታገሥ ለማይችሉት ደግሞ ፌጦ አለ። እርጥብ ጥጥ ላይ ከተበተነ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንድ ሳምንት ረጅም ዘመን ነው፤ ስለዚህ ቦሎቄውን ስትዘፈዝፉ ፌጦውንም አብራችሁ በትኑት።

አሁን ስለ ጥንቃቄ። ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባሉበት ደረቅ ጥራጥሬ ያለ ጠባቂ አይተው። ወደ አፍንጫና ጆሮ ይከቱታል፣ ሊያንቃቸውም ይችላል። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ ክፉኛ የሚያሳምም ንጥረ ነገር ስላለው አይቀመስም። ለእርሻ ተብሎ በሮዝ ወይም በአረንጓዴ ቀለም የተለወሰ ዘር ካያችሁ ጸረ ፈንገስ ኬሚካል የተቀባ ነውና ልጅ እጅ አይግባ። የጉሎ ፍሬ ደግሞ መርዝ ስለሆነ ምንም ቢያምር ወደዚህ ሥራ አይምጣ። ከሥራው በኋላ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው።

1. ዘሩን ከፍቶ ማየት

ማታ ላይ ጥቂት ቦሎቄዎችን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ጥቂቶቹን ደረቅ እንደሆኑ ተዉአቸው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን አይቆዩ፣ አየር አጥተው መበስበስ ይጀምራሉ።

ጠዋት ደረቁንና የራሰውን ጎን ለጎን በልጁ መዳፍ ላይ አስቀምጡ። የራሰው አብጧል፣ ከብዷል። አንድ ደረቅ ቦሎቄ የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ሊጠጣ ይችላል። «ውሃው በየት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ከጎኑ ያለችውን ጠባሳ አሳዩት። ዘሩ በቆባው ውስጥ ሳለ ከእናቱ ጋር የተያያዘው እዚያ ላይ ነበር። ለልጅ «እንብርቱ ናት» ብትሉት ወዲያው ይገባዋል፤ ብዙዎቹ ልብሳቸውን ገልጠው የራሳቸውን ያያሉ።

አሁን ገለፈቱን በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጫሩት። ከራሰ በኋላ ስስ ስለሚሆን ሸርተት ብሎ ይወልቃል። ዘሩ ለሁለት ይከፈላል። እነዚህ ግማሾች ክክ ይባላሉ። በሁለቱ መካከል፣ ጠርዙ አካባቢ፣ ከሩዝ ቅንጣት የምታንስ ነጣ ያለች ነገር ተጣብቃ ታገኛላችሁ። አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት ካላችሁ አሁን አውጡት። በአንድ ወገን ሹል ያለች ጫፍ አለች፤ እሷ ሥር ትሆናለች። በሌላው ወገን ሁለት ቅጠሎች እርስ በርስ ተደራርበው ተጣጥፈዋል። ደም ሥራቸው ሳይቀር ይታያል። ገና አፈር ሳይነካው፣ ገና ብርሃን ሳያይ፣ ቅጠሉ ተሠርቶ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ዝም በሉ። ልጁ ይይ። «ሕፃን ነው!» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ልክ ነው፤ በሳይንሱም ጽንስ ነው የሚባለው። ሁለቱ ክኮች ደግሞ ስንቁ ናቸው። መንገደኛ ለጉዞው ስንቅ እንደሚይዝ ዘሩም ራሱን ችሎ ምግብ መሥራት እስኪጀምር የሚመገበውን ይዞ ነው የሚነሳው። ይህችን ነገር አስታውሱ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ዘር እስኪነቃ ድረስ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ለሚጠይቅ ልጅ ደግሞ የቴምሩን ታሪክ ንገሩት። በሙት ባሕር አጠገብ ካለው ከማሳዳ ፍርስራሽ በቁፋሮ የወጣ፣ 2000 ዓመት ገደማ የሞላው የቴምር ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቅሏል። ይህን ያህል የሚቆየው ግን እጅግ ጥቂቱ ነው። ብዙው ዘር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል፤ ለዚህ ነው የቆየ ቦሎቄ አንዳንዴ አልበቅል የሚለው።

2. በብርጭቆ ውስጥ ማብቀል

አፈር ውስጥ የሚሆነው ነገር ስለማይታይ መጀመሪያ ያለ አፈር እናብቅል። ሶፍቱን ደርባችሁ አጥፉና የብርጭቆውን ግድግዳ በውስጥ በኩል ዙሪያውን አልብሱት። መሐሉን በተጨማደደ ሶፍት ወይም በጥጥ ሙሉ፣ ሶፍቱ ከግድግዳው እንዳይላቀቅ። ከዚያ የተዘፈዘፉትን ቦሎቄዎች በግድግዳውና በሶፍቱ መካከል፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ አራራቁና ሸጉጡ። ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ።

አንዱን እንብርቱ ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ጎን አድርጉት። ልጁ ለምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። እናንተም መልሳችሁ ጠይቁት፦ «ገልብጠን ያስቀመጥነው ሥሩን ወደ ላይ የሚያወጣ ይመስልሃል?» ግምቱን ጻፉ።

ታች ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ጨምሩ። ሶፍቱ ራሱ ወደ ላይ ይስበዋል። ዘሩ ውሃው ውስጥ መጥለቅ የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብርጭቆውን ሞቅ ያለ ቦታ፣ ግን ቀጥታ ፀሐይ የማያቃጥለው አስቀምጡት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለቦሎቄ ተስማሚ ነው።

በ2ኛው ወይም በ4ኛው ቀን አካባቢ ዘሩ ይጎነቁላል። መጀመሪያ የሚወጣው ሥር ነው፣ ሁልጊዜ። እንዴት አድርጋችሁ ብታስቀምጡትም ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ከዋናው ሥር ጎን ቀጫጭኖቹ ይወጣሉ፤ ጫፉ አጠገብ ደግሞ ነጭ ጉም የመሰለ ጸጉር ይታያል። ውሃ በብዛት የሚጠጣው በዚያ ጸጉር ነው። በጣት ከተነካ ይበላሻል፤ ስለዚህ «በዓይን እንጂ በእጅ አይደለም» የሚል ሕግ አውጡ።

3. ማደጉን መለካት

ማስመሪያ ማንበብ ለማይችል ልጅ የተሻለ ዘዴ አለ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ባለቀለም ወረቀት በቀጭኑ ቁረጡና ከተክሉ ጎን አቁሙት። የተክሉ ጫፍ በሚደርስበት ላይ ልጁ ራሱ በመቀስ ይቁረጠው። ቁራጩን ትልቅ ወረቀት ላይ ለጥፎ ከሥሩ ቀኑን ይጻፍበት። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ቁራጭ ከጎኑ ይለጠፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥር ሳያውቅ ግራፍ ሠርቷል ማለት ነው። ተክሉ የቱ ጋ ፈጥኖ እንዳደገ፣ የቱ ጋ እንደዘገየ በጣቱ ያሳያችኋል።

ሥዕልም ይሳል። ግን ሥዕሉን አታርሙለት። ሥሩን ረስቶት ከሆነ «እስቲ ብርጭቆውን ደግመህ እየው፤ የጎደለ ነገር አለ?» በሉት። የመሰለውን ሳይሆን ያየውን መሳል የሚለመደው እንዲህ ነው።

4. ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል?

ከ5 ዓመት በላይ ላሉት ይህ ዋነኛው ሥራ ነው። አምስት ብርጭቆ አዘጋጁ። ሁሉም ውስጥ ያው ቦሎቄ፣ ያው ሶፍት ይሁን። በእያንዳንዱ ላይ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ውሃ፣ ብርሃንና ሙቀት ያለው። ሁለተኛው ውሃ የሌለው፤ የዚህኛው ዘር አይዘፈዘፍም። ሦስተኛው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጨለማ። አራተኛው ፍሪጅ ውስጥ። አምስተኛው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የጠለቀ።

ፍሪጅ ውስጥም ጨለማ ነው የሚል ጎበዝ ልጅ ካጋጠማችሁ አመስግኑት። የፍሪጁን ከጨለማው ጋር አወዳድሩለት፤ በሁለቱ መካከል የሚለየው ሙቀቱ ብቻ ነው።

እዚህም በመጀመሪያ ይገምቱ። ልጆቹ በሙሉ ማለት ይቻላል «ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም» ይላሉ። ይበቅላል። እንዲያውም ከሁሉም ረዝሞ ይገኛል! ቦሎቄ ለመብቀል ብርሃን አይፈልግም፤ አፈር ውስጥ ብርሃን ከየት ያገኛል? የሚፈልገው ውሃ፣ አየርና ሙቀት ነው። የጠለቀው አብጦ ይቀራል፣ ከቀናት በኋላም ይሸታል፤ አየር አጥቷልና። ደረቁ እንዳለ ነው። የፍሪጁም ቁጭ ብሏል፤ ቅዝቃዜው አላስነሳው አለ።

ከሳምንት ተኩል በኋላ የጨለማውንና የብርሃኑን ጎን ለጎን አቁሟቸው። የጨለማው ቀጭን፣ ረጅም፣ ገርጥቶ ቢጫ የሆነ ነው። ቅጠሎቹ ትንንሽ ናቸው። ብርሃን ፍለጋ ያለውን ስንቅ ሁሉ ለቁመት አውሎታል። አረንጓዴ ያልሆነው ሐመልሚል የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም ለመሥራት ብርሃን ስለሚያስፈልገው ነው። አሁን ወደ መስኮት አምጡትና ጠብቁ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ልጆቹ ራሳቸው ምክንያቱን ይነግሯችኋል።

5. ሥር ወደ ታች፣ ግንድ ወደ ብርሃን

ሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ካደገ በኋላ አንዱን ብርጭቆ ክዳን ግጠሙለት፣ የቆመውን ውሃ አፍስሱና በጎኑ አስተኙት። ሶፍቱ እርጥብ ይሁን። በማግሥቱ የሥሩ ጫፍ እንደገና ወደ ታች ታጥፎ ታገኙታላችሁ። ሥሩ ታች የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? በጫፉ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ከበድ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች አሉ። ተክሉ ሲጋደም ቅንጣቶቹ ወደ አዲሱ ታች ይወርዳሉ፤ ሥሩ አቅጣጫውን የሚያውቀው በዚህ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ አንድሩ ናይት እ.ኤ.አ. በ1806 ይህን ለመፈተን ዘሮችን በውሃ ኃይል በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ አስሮ አብቅሏቸዋል። ሥሮቹ የመሽከርከሩ ኃይል ወደሚገፋቸው ወደ ውጭ አደጉ፣ ግንዶቹ ወደ መሐል።

ለብርሃኑ የጫማ ካርቶን ውሰዱ። በአንዱ ጫፍ ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ብሱ። በውስጡ በካርቶን ቁራጭ አንድ ወይም ሁለት ግድግዳ ሥሩ፤ እያንዳንዱ በአንድ ወገን ክፍተት ይኑረው፣ ክፍተቶቹ ግን ትይዩ አይሁኑ። ካርቶኑን አቁማችሁ፣ ቀዳዳው ከላይ ሆኖ፣ በቅሎ የነበረ ቦሎቄ በትንሽ ጣሳ ታች አስገቡ። ክደኑት። ውሃ ለማጠጣት ብቻ ክፈቱት። ተክሉ በአንዱ ክፍተት፣ ከዚያም በሌላው እየተጠማዘዘ ወደ ቀዳዳው ይወጣል። ጥላ ባረፈበት ወገን ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ስለሚበዛ ያ ወገን ፈጥኖ ይረዝማል፤ ግንዱም ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። ለልጁ «ብርሃኑን ፍለጋ ዞረ» ማለት ይበቃል።

«ተክል አይንቀሳቀስም» ብሎ የነበረ ልጅ እዚህ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። እናንተ ምንም ሳትሉት።

6. ወደ አፈር

ብርጭቆ ውስጥ ያደገውን ማዛወር ይቻላል፤ ግን ሥሩ በቀላሉ ይጎዳል። እኔ የምመክረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቂት ቦሎቄ በቀጥታ አፈር ውስጥ እንድትተክሉ ነው። ጣሳው ሥሩ የተበሳ ይሁን። አፈሩ ልል ይሁን፣ ጭቃ አይሁን። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ጣሳ ሁለት ዘር። በየብርጭቆውና በየጣሳው ላይ የልጁን ስም ጻፉ።

ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አፈሩ ይሰነጠቃል። ቦሎቄው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ በጀርባው አፈሩን እየገፋ ነው የሚመጣው። ይህን ቀን አያምልጣችሁ። እንደዚያ ባይጎብጥ ኖሮ ለስላሳው ጫፍ በአፈሩ ይላጥ ነበር። ብርሃን ሲያገኝ ቀስ በቀስ ቀና ይላል፤ ሁለቱ ክኮችም አንገቱ ላይ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። አንዳንዴ ገለፈቱ አናቱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ልጆች ሊያወልቁለት ይፈልጋሉ፤ ተዉት በሏቸው፣ ራሱ ይጥለዋል።

ባቄላውን ከጎኑ ተክላችሁ ከሆነ ልዩነቱን አሳዩ። ባቄላ ክኮቹን ከመሬት በታች ትቶ ነው የሚወጣው። አተርና ሽምብራም እንዲሁ። በቆሎ ደግሞ አንድ ሹል ቅጠል ብቻ ይዞ ብቅ ይላል፤ ባለ አንድ ክክ ነውና። ሦስቱ ጣሳዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ «ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት አይበቅልም» የሚለው ነገር ራሱን ይናገራል።

ውሃ ማጠጣት የልጆች ደስታ ነው፤ ተክሉን የሚገድለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሕጉ ቀላል ይሁን፦ መጀመሪያ ጣት ወደ አፈሩ ይገባል። ጣቱ እርጥበት ከተሰማው ዛሬ ውሃ የለም። ደረቅ ከሆነ ይጠጣል። ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስጧቸው፤ ውሃው ስለሚንጠባጠብ አፈሩን አይሸረሽርም።

7. ስንቁ ሲያልቅስ?

ቦሎቄው እውነተኛ ቅጠሎቹን ዘርግቶ ጥቂት ቀን ሲቆይ ክኮቹ ይሸበሸባሉ። ይቀጥናሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይወድቃሉ። ልጁ «ታሞ ነው?» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን አስታውሱት። ስንቁ አለቀ። «እንግዲህ ከአሁን በኋላ ምን ይበላል?»

«አፈር» የሚለው መልስ እዚህ ተመልሶ ይመጣል። አትቃወሙት፤ እንፈትነው በሉ። ጣሳውን ሁለት ሦስት ጊዜ አጠጥታችሁ አፈሩ ከረጋ በኋላ፣ አፈሩ በደረሰበት ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። «ተክሉ አፈር የሚበላ ከሆነ አፈሩ ምን መሆን አለበት?» «መቀነስ!» ይላሉ። ሳምንታት ይለፉ። ተክሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፤ አፈሩ እዚያው መስመሩ ዘንድ ነው።

ትልልቆቹ ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል። ቫን ሄልሞንት የተባለ የብራስልስ ሰው 200 ፓውንድ፣ 90 ኪሎ ገደማ፣ የደረቀ አፈር በትልቅ ማሰሮ አድርጎ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። አቧራ እንዳይገባበት ከደነው፣ ውሃ ብቻ አጠጣው። ከ5 ዓመት በኋላ ዛፉን ነቅሎ ሲመዝነው 169 ፓውንድ ሆኗል። አፈሩን አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 2 አውንስ ብቻ ነው፣ 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። እሱ ራሱ «ዛፉ ሁሉ ከውሃ ነው የመጣው» ብሎ ደመደመ። ግማሹን አግኝቶ ግማሹ አመለጠው። ተክል ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በቅጠሉ ይወስዳል፣ ከውሃ ጋር ያዋህደዋል፣ ለዚህም የብርሃን ጉልበት ይጠቀማል። ስኳሩን የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እንጨቱም፣ ቅጠሉም፣ ፍሬውም የሚገነባው በዚያ ላይ ነው። ኦክሲጅን ደግሞ ይተርፈውና ይለቀዋል። ይህ ሁሉ ብርሃንና አረንጓዴ ቅጠል እንደሚጠይቅ ያሳየው ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1779።

ለ4 ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። «ቅጠሉ ከአየር፣ ከውሃና ከፀሐይ ምግቡን ይሠራል» በቂ ነው። ያ የ2 አውንስ ጉድለት ግን ለትልልቆቹ ይነገር። ተክሉ ከአፈር ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሺየም የመሳሰሉትን በጥቂቱ ይወስዳል። ጥቂት ቢሆኑም ያለ እነሱ ይገረጣል፣ ይቀጭጫል። ማዳበሪያ «ምግብ» እየተባለ ስለሚጠራ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

ውሃውስ በየት ይወጣል?

ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ዝናብ ለሚዘንብበት ከሰዓት በኋላ ይሆናል። ነጭ አበባ ውሰዱ፣ ግንዱን በሰያፍ ቁረጡት፣ የምግብ ቀለም በደንብ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ አቁሙት። በሰዓታት ውስጥ ቀለሙ በአበባው ቅጠሎች ጠርዝ ላይ ብቅ ይላል። ግንዱን ለሁለት ሰንጥቃችሁ አንዱን በቀይ፣ አንዱን በሰማያዊ ብታቆሙት አበባው ሁለት ቀለም ይሆናል። መቁረጡንና መሰንጠቁን ትልቅ ሰው ይሥራው።

ችግር ሲያጋጥም

ሻጋታ ከታየ ውሃው በዝቷል ወይም ዘሩ አርጅቷል። የሻገተውን አውጡ፣ ሶፍቱን ቀይሩ። ዘሩ ከሳምንት በላይ ካልጎነቆለ ሌላ ዘፍዝፉ። ሶፍቱ ቅዳሜና እሑድ የሚደርቅባችሁ መምህራን ደግሞ ብርጭቆውን በላስቲክ ሸፈን አድርጉት፣ ጥቂት ቀዳዳ ይኑረው። ችግኙ ረዝሞ ከተልፈሰፈሰ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ መስኮት አስጠጉት።

ተክሉ ከሞተስ? አንዳንድ ወላጅ ልጁ ሳያይ በሌላ ይተካዋል። ይህን አታድርጉ። ልጁ ያውቃል፤ ባያውቅም ከዚህ ሥራ ትልቁን ነገር ትነፍጉታላችሁ። ሕይወት ያለው ነገር ይሞታል። አብራችሁ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ቡናማ ሆኖ ከላመ ውሃ በዝቶበታል። ደርቆ ከተሰባበረ ተጠምቷል። ከዚያ ሌላ ይተከላል፣ ልጁም በዚህኛው ምን እንደሚለውጥ ራሱ ይናገራል። ለዚህ እንዲመቻችሁ ከሚያስፈልጋችሁ ሦስት እጥፍ ዘር አስቀድማችሁ ዘፍዝፉ።

እስከ አዲሱ ዘር

ብዙ ሰው ችግኙ ቅጠል ሲያወጣ ያቆማል። ከቻላችሁ አትቁሙ። ቦሎቄውን ወደ ትልቅ ማሰሮ ወይም ወደ መሬት አዛውሩት፣ ፀሐይ ያግኝ፣ የሚጠመጠም ዓይነት ከሆነ እንጨት ይተከልለት። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ያብባል። ቦሎቄ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ንብ ባይኖርም ያፈራል። አበባው ሲረግፍ በቦታው ቀጭን ቆባ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ልጆች በየቀኑ ይከታተሉት፣ ፍሬ ከአበባ እንደሚመጣ የሚያዩት እዚህ ነው።

ቆባው አረንጓዴ ሳለ አትቁረጡት። ተክሉ ላይ ይድረቅ፤ ከተከላው ጀምሮ 3 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። ሲነካ ሲንኮሻኮሽ ደርሷል። ልጁ ራሱ ይፈልፍለው፣ ይቁጠረው። «ስንት ተከልን? ስንት አገኘን?» የ7 ዓመት ልጅ ይህን ቀንሶም አባዝቶም ይጫወትበታል። የተሸበሸበውንና የተነቀዘውን ለዩት። ደህናውን ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አናፍሱትና በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት፤ በላስቲክ ከሆነ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ፖስታው ላይ የዘሩን ዓይነት፣ የተሰበሰበበትን ወርና የልጁን ስም ጻፉ። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ።